«እኛ ባንሸጠው ሌላው ይሸጠዋል»

አውስትራሊያ ውስጥ ስለ ድንጋይ ከሰል ክርክር ከተነሳ፣ መነሻው የትም ይሁን የት መድረሻው አንድ ነው፤ «እኛ ባንሸጠው ሌላው ይሸጠዋል።» ሚኒስትሩ በምክር ቤት ይለዋል፣ የኩባንያው ጠበቃ በፍርድ ቤት ይለዋል፣ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እያንቀጫቀጨ ይለዋል። እኔን ግን ከእንቅልፍ የሚያነቃኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ብሪዝበን ሙሩካ ሰፈር ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ፣ ቶናው እየተቀዳ ሳለ የሰማሁት ነው። የተናገረው የቆየ ወዳጄ ነው። በቦወን ተፋሰስ ካሉት የከሰል ማዕድኖች በአንዱ ግዙፍ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ጎማው ብቻ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል። ሰባት ቀን ሠርቶ ሰባት ቀን ያርፋል፣ በአውሮፕላን ይመላለሳል፣ ደመወዙ ከእኔ እጥፍ ነው፣ ወንድሞቹን አዲስ አበባ ያስተምራል።

«እህቴ» አለኝ፣ «እኔ ባልነዳው ሌላ ሰው ይነዳዋል። መኪናው ቆሞ አያድርም።»

መልስ አልሰጠሁትም፤ ምክንያቱም ያለው እውነት ነው። እሱ ነገ ሥራውን ቢለቅ ማመልከቻ ይዘው የተሰለፉት ብዙ ናቸው፤ ከመሬት ከሚወጣው ከሰል አንድ አካፋ አይቀንስም። ያው ዓረፍተ ነገር በእሱ አፍ እውነት ሆኖ ሳለ በሚኒስትር አፍ ሐሰት የሚሆነው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ይዤ ብዙ ዓመት ዞርኩ። ዙሪያውን የተሽከረከርኩበት ደግሞ ግሬት ባሪየር ሪፍ የሚባለው የባሕር ውስጥ ዓለም ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሪፉ ኩዊንስላንድ ከምትባለው የአውስትራሊያ ግዛት ጠረፍ ፊት ለፊት ከ2,300 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋል፤ ከአዲስ አበባ የተነሳ ሰው ካይሮ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። አንድ ወጥ ግንብ ሳይሆን ወደ 3,000 የሚጠጉ ሪፎች፣ ማለትም በባሕር ውስጥ የተገነቡ የኖራ ክምሮች፣ ስብስብ ነው። በ1981 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሠሩት ደግሞ አብዛኞቹ ከሽንብራ ፍሬ የማይበልጡ ፖሊፕ የሚባሉ እንስሳት ናቸው፤ ተያይዘው ሲኖሩ ኮራል ይባላሉ። ፖሊፑ በገዛ ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን ያኖራል፤ እሱ መጠለያ ይሰጣል፣ እነሱ በፀሐይ ብርሃን ምግብ አብስለው ይመግቡታል፤ ከሚያስፈልገው ጉልበት እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን የሚያገኘው ከእነሱ ነው። ቀለሙም የእነሱ ነው። ውሃው ከተለመደው የበጋ ጣሪያ በአንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ ግን ይህ ጉርብትና ይፈርሳል። አልጌዎቹ መርዛማ የኦክስጅን ውህዶች ማመንጨት ይጀምራሉ፤ ፖሊፑም ራሱን ለማዳን ያባርራቸዋል። ሥጋው ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ነጭ የኖራ አጽም ይታያል። ይህ ነው መንጣት የሚባለው። ኮራሉ ገና አልሞተም፤ እየተራበ ነው። ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ አልጌዎቹ ሊመለሱ ይችላሉ። ካልቀዘቀዘ አጽሙ ላይ ቡናማ ዝቃጭ የመሰለ ነገር ይበቅላል፣ እዚያ ላይ ያበቃል።

በማርች 2024 ከኬርንስ በጀልባ ወጥቼ ነበር። ዋና የተማርኩት ከሠላሳ ዓመት ዕድሜዬ በኋላ ስለሆነ በውሃ ላይ የማምር አይደለሁም፤ የአየር ቱቦውን ነክሼ፣ ጀልባዋን በአንድ ዓይኔ እየጠበቅኩ ነው የተንሳፈፍኩት። ከሥሬ ያየሁት ነጭ ብቻ አልነበረም። አንዳንዱ ኮራል ደማቅ ሐምራዊ፣ አንዳንዱ የሚያበራ ቢጫ፣ አንዱማ የሠርግ ቤት መብራት የሚመስል ሰማያዊ ነበር። አብራን የወጣች ቱሪስት ጭምብሏን አውልቃ «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቀለም አይቼ አላውቅም!» ብላ ጮኸች። አስጎብኚው ወጣት ዝም አለ። ቆይቶ፣ ሴትዮዋ ሳንድዊቿን ስትበላ፣ ለእኔ ነገረኝ፤ ያ ቀለም ጤነኛ ኮራል የሚያወጣው አይደለም። አልጌው ለቆት ሲወጣ አንዳንዱ ኮራል ከፀሐይ ለመከላከል የራሱን የሚያበራ ቀለም ያመርታል። ከነጩ አንድ እርምጃ በፊት ያለ ደረጃ ነው። ለምን ለሴትዮዋ እንዳልነገራት ጠየቅኩት። «የከፈለችው ለመደሰት ነው» አለኝ። በኋላ ሳስበው የቱሪዝም ሥራ በሪፉ ላይ ያለው ጭንቀት ሁሉ በዚህ መልሱ ውስጥ አለ፤ እውነቱን ቢናገሩ እንግዳ ይቀራል፣ ዝም ቢሉ የሚያሳዩት ነገር ያልቃል።

ሪፉ በ1998 በብዛት ነጣ። በ2002 ደገመ። ከዚያ ረዘም ያለ ፋታ አገኘና 2016፣ 2017፣ 2020፣ 2022፣ 2024 እና 2025 ተከታተሉ። ቁጥሮቹን ደግሜ የማነበው ክፍተታቸውን ለማየት ነው። ፈጣን የሚባለው ኮራል እንኳ ለማገገም አሥር ዓመት ያህል ይፈልጋል። በ2016 ብቻ ጥልቀት በሌለው ውሃ ካለው ኮራል ወደ 30 በመቶ የሚጠጋው ሞተ፤ በሰሜኑ 700 ኪሎ ሜትር ክፍል ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ገደማ። በአውሮፕላን ዞሮ የመረመረው የኮራል ተመራማሪ ቴሪ ሂዩዝ ውጤቱን ለተማሪዎቹ አሳይቶ አብረው እንዳለቀሱ በትዊተር ጽፎ ነበር። በ2022 ከሰሜኑና ከመካከለኛው ክፍል ከፍተኛ የኮራል ሽፋን ተመዘገበ ሲባል ጋዜጦች «ሪፉ ዳነ» ብለው ጻፉ፤ የበቀለው ግን በአብዛኛው ፈጥኖ የሚያድግና ፈጥኖ የሚሞት ዓይነት ነበር። በ2025 የወጣው የምርመራ ዘገባ በሰሜንና በደቡብ ክፍሎች ክትትሉ ከተጀመረ ወዲህ በአንድ ዓመት ያልታየ ማሽቆልቆል አሳየ።

ሪፉን ለማዳን የተደረገው ትግል ግን ከሙቀቱ በፊት የጀመረ ነው፤ ሥረ መሠረቱን ሳያውቁ የዛሬውን መረዳት አይቻልም። በ1967 አንድ የሸንኮራ ገበሬ ኤሊሰን ከሚባለው ሪፍ ኖራ ቆፍሬ ለማዳበሪያ ላውል ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ሪፉ «የሞተ» ነው ተባለ። ገጣሚዋ ጁዲት ራይት፣ ሠዓሊው ጆን ቡስትና የደን ተመራማሪው ሌን ዌብ ተነሱ፤ በጎ ፈቃደኛ ጠላቂዎች ወርደው ሪፉ በሕይወት የተሞላ መሆኑን በማስረጃ አሳዩ፣ ማመልከቻውም ወደቀ። ቀጥሎ የመጣው የከፋ ነበር። የኩዊንስላንድ መንግሥት አብዛኛውን ሪፍ ለነዳጅ ፍለጋ በሊዝ ከፋፍሎ ሰጥቶ ነበር።

ያን ጊዜ ሚዛኑን የቀየሩት ሠራተኞች ናቸው። በ1970 የሠራተኛ ማኅበራት በሪፉ ላይ ለሚቆፍር ማንኛውም መርከብ አንሠራም ብለው አድማ ጠሩ፤ ኩባንያው ገንዘብም ፈቃድም ይዞ ሰው አጣ። በ1975 የባሕር ፓርኩ አዋጅ ወጣ። ይህን ታሪክ ለወዳጄ ስነግረው ስኒውን አስቀምጦ አዳመጠ። እሱ ብቻውን መኪናውን ቢያቆም ሌላው ይነዳዋል፤ ሁሉም በአንድነት ሲያቆሙ ግን «ሌላው» የሚባል ሰው አልተገኘም። «ያን ጊዜ የቤት ዕዳ አልነበረም መሰለኝ» ብሎ ሳቀ። ነበረ፣ ግን ነጥቡ ገብቶኛል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ያየሁትን አንድ ነገር በግልጽ ላስቀምጥ፤ ሕጉ ጭቃን ያያል፣ ሙቀትን አያይም።

ጭቃውን እንመልከት። በኤፕሪል 2010 ሼን ኔንግ 1 የምትባል የቻይና መርከብ 65,000 ቶን የሚሆን ከሰል ጭና ከግላድስተን ወጥታ ስትሄድ ዳግላስ ሾል ከሚባለው ሪፍ ላይ ወጣች። በአውስትራሊያ የትራንስፖርት አደጋ መርማሪዎች ዘገባ መሠረት ሰዓቱ የእሱ የነበረው ዋና መኮንን ባለፉት 38 ሰዓት ተኩል ውስጥ የተኛው ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነበር። ከሰል ሲያስጭን ነበር የከረመው። መርከቧ ዘጠኝ ቀን ያህል በማዕበል እየተገፋች ሪፉን ስትፈጭ ቆየች፤ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚደርስ ጠባሳ ጥላ፣ ከሆዷ የተላጠውን ባሕር ነፍሳትን የሚገድል መርዛማ ቀለም በኖራው ላይ ቀብታ ሄደች። ባለቤቶቹ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2016 39.3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። አጥፊው ይታወቃል፣ ጠባሳው በሜትር ይለካል፣ ሒሳቡ ይወራረዳል።

ቀጥሎ አቦት ፖይንት መጣ። ከቦወን ከተማ በስተሰሜን ያለ የከሰል ወደብ ነው፤ የመጫኛው ድልድይ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ይቆማል። ወደቡን ለማስፋት ከባሕሩ ወለል 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ጭቃ ተዝቆ በባሕር ፓርኩ ክልል ውስጥ እንዲጣል በጃንዋሪ 2014 ፈቃድ ተሰጠ። ፈቃዱን የሰጠው ፓርኩን እንዲጠብቅ በ1975ቱ አዋጅ የተቋቋመው ባለሥልጣን ራሱ ነበር! ይህን ሲሰማ ጉዳዩ የማይመለከተው የሚመስለው ሰው ሁሉ ተነሳ። ዓሣ አጥማጆች፣ የጀልባ አስጎብኚዎች፣ ፖለቲካ ሲነሳ ክፍሉን ለቀው የሚወጡ ጡረተኞች ጭምር። ጭቃ በሪፍ ላይ መድፋት ለሕፃንም ያለ ማብራሪያ ይገባል። ዩኔስኮ አስጠነቀቀ፤ ዕቅዱ ወደ የብስ እንዲዛወር ተደረገ፤ በ2015 ደግሞ ከአዳዲስ የወደብ ግንባታዎች የሚዛቅ ጭቃ በባሕር ፓርኩ ውስጥ እንዳይጣል በሕግ ታገደ። ዘመቻው አሸነፈ። እኔም ያን ሰሞን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

ወደቡ የሚሰፋው ግን ለምን ነበር? ከባሕሩ በስተምዕራብ፣ ጋሊሊ ተፋሰስ በሚባለው በረሃማ አገር፣ የሕንዱ አዳኒ ኩባንያ ካርማይክል የሚባል ማዕድን ሊከፍት ስለነበር ነው። በዓመት እስከ 60 ሚሊዮን ቶን። ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የሚነድ ከሰል ነው፤ ወዳጄ የሚጭነው በአብዛኛው ለብረት ማቅለጫ የሚሆነው ዓይነት ስለሆነ ልዩነቱን ሁልጊዜ ያስታውሰኛል፣ ትክክልም ነው። በፍርድ ቤት በቀረበ ስሌት ማዕድኑ በዕድሜው ሙሉ የሚያስከትለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ወደ 4.7 ቢሊዮን ቶን ይሆናል። ሪፉን የሚያነጣው ሙቀት የሚመጣው ከዚህ ነው። ጭቃው ወለሉን ያበላሻል፤ ጭሱ ግን ባሕሩን በሙሉ ያሞቃል።

በ2015 ፈቃዱ አንዴ ተሰርዞ ነበር። የማካይ ከተማ የተፈጥሮ ጥበቃ ቡድን ከሰሰና የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሩ ስለ አንዲት እንሽላሊትና ስለ አንድ እባብ የተጻፈለትን ምክር ሳያይ ፈርሟል ተባለ። በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ወረቀቱ ተስተካክሎ ፈቃዱ ተመልሶ ወጣ። ሕጉ እባቡን አየ፣ ይህም አንድ ነገር ነው። በ2016 ግን የአውስትራሊያ ጥበቃ ፋውንዴሽን ዋናውን ጥያቄ ይዞ ፌዴራል ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ከሰሉ ሲነድ የሚወጣው ጭስ ሪፉን አይጎዳም ወይ? የሚኒስትሩ መልስ ወዳጄ ቡና ላይ የነገረኝ ነው፤ በጥሩ የሕግ ቋንቋ ተጽፎ ካልሆነ በስተቀር። ይህ ከሰል ባይወጣ ከሌላ አገር የሚወጣ ከሰል ሊተካው ስለሚችል ጠቅላላው ልቀት ይጨምራል ብሎ መናገር አይቻልም፤ በማዕድኑና በሪፉ መካከል ያለውን ግንኙነትም ለይቶ ማሳየት ግምት ነው። በኦገስት ላይ ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገ። ያው ዓመት፣ ያው ሪፍ፤ የሰሜኑ ኮራል ከሞተ ገና ወራት ነበር።

ስድስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በፌብሩዋሪ 2017፣ የኋላው ጠቅላይ ሚኒስትር የያኔው የገንዘብ ሚኒስትር ስኮት ሞሪሰን አንድ ቁራጭ ከሰል ይዞ ምክር ቤት ገባ። «ይህ የድንጋይ ከሰል ነው፤ አትፍሩ» እያለ ለባልደረቦቹ አቀባበለው። እጅ እንዳያጠቁር ቫርኒሽ የተቀባ ነበር። ሪፉ በዚያው በጋ ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት መንጣት ጀምሮ ነበር። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ እንደገና ከፈትኩት፤ ልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ ደራሲው አጋነነ እል ነበር።

አሁን ወደ ባንኮቹ። የዘመቻው ሰዎች ፍርድ ቤት ሲዘጋባቸው የሄዱት ወደ ገንዘቡ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከሠሩት ሁሉ ብልሁ ይህ ነው። ባንኮችም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ነበራቸው፤ «እኛ ባናበድር ሌላው ያበድራል።» በ2014 ዶይቸ ባንክ ለአቦት ፖይንት መስፋፊያ አላበድርም አለ። ሌሎች የአውሮፓና የአሜሪካ ባንኮች ተከተሉ። በ2015 ስታንዳርድ ቻርተርድና የአውስትራሊያው ኮመንዌልዝ ባንክ ከአማካሪነት ወጡ፤ በ2017 ዌስትፓክ በአዳዲስ የኃይል ማመንጫ ከሰል ተፋሰሶች ውስጥ እንደማይገባ አስታወቀ። የፌዴራል መንግሥት አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ብድር ሊሰጥ አስቦ የኩዊንስላንድ መንግሥት ድምፅን በድምፅ ሻረው። በኖቬምበር 2018 አዳኒ በራሴ ገንዘብ እሠራለሁ አለ፤ ዕቅዱ ከ60 ሚሊዮን ወደ 10 ሚሊዮን ቶን ወርዶ፣ 388 ኪሎ ሜትር ሊሆን የነበረው የባቡር ሐዲድ ወደ 200 ተቆርጦ። የከሰል ዋጋና ገበያው የራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ሁሉንም ለዘመቻው አልሰጥም። ነገር ግን «ሌላው ያበድራል» የተባለው ሌላ አልመጣም። ሲጠብቁት፣ ሲጠብቁት፣ ቀረ።

እኔም የድርሻዬን ለማድረግ ብዬ የነበረኝን ሒሳብ ልዘጋ ወደ አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ሄጄ ነበር። የተቀበለችኝ ወጣት ትሁት ነበረች። ምክንያቴን ስትጠይቀኝ ስለ ከሰል ብድር፣ ስለ ሪፉ፣ ስለ ወደቡ አስረዳኋት፤ ትንሽ ዲስኩር ሳላደርገው አልቀረሁም። ኮምፒውተሩን አየች። የሚመረጡት ምክንያቶች ተደርድረዋል፤ አድራሻ መቀየር፣ የተሻለ ወለድ ማግኘት፣ በአገልግሎት አለመርካት፣ ሌላ። «ሌላ» የሚለውን ነካችው። ከሥሩ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። ተናድጄ ወጣሁ። በኋላ ግን ባንኮቹ የፖሊሲ መግለጫ ማውጣት ሲጀምሩ፣ እዚያ «ሌላ» በሚል ሳጥን ውስጥ የተጠራቀመውን ሰው አንድ ቢሮ ውስጥ የሚቆጥር ሰው እንደነበረ ገመትኩ።

ዘመቻው የተሰናከለበትን ቦታ ሳልጽፍ ባልፍ ወዳጄ አይምረኝም። በ2019 ምርጫ ዋዜማ የቀድሞው የአረንጓዴዎች ፓርቲ መሪ ቦብ ብራውን የመኪና ሰልፍ አስከትሎ ከታዝማኒያ እስከ ክለርሞንት ነዳ። ክለርሞንት ለማዕድኑ ቅርብ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። የከተማው ሰው በስድብና በአጸፋ ሰልፍ ተቀበላቸው። በምርጫው ቀን የከሰል አካባቢዎቹ ዶውሰንና ካፕሪኮርኒያ ከ10 በመቶ በላይ ወደ ገዢው ወገን አዘነበሉ፤ በተሸነፈው ሌበር ፓርቲ የሚመራው የኩዊንስላንድ አስተዳደር ደንግጦ የቀሩትን ፈቃዶች በሳምንታት ውስጥ ጨረሰ። ሰልፉ ብቻውን የምርጫውን ውጤት ወሰነ የሚለውን አላምንም። ግን ከሺህ ኪሎ ሜትሮች በላይ ርቀት በመኪና መጥቶ ለአንድ ሹፌር «ሥራህ ኃጢአት ነው» ማለት፣ የሚኒስትሩን ዕዳ በሹፌሩ ስም መመዝገብ ነው። በ1970 ከሪፉ ጎን የቆሙት ማኅበራት ልጆች በ2019 በተቃራኒው በኩል የቆሙት አእምሯቸው ተበላሽቶ አይደለም። የሚያናግራቸው ሰው አልመጣም፤ የመጣው የሚገሥጻቸው ነው። ኩባንያው ደግሞ 10,000 ሥራ ብሎ ነግሯቸው ነበር፤ የራሱ ባለሙያ በፍርድ ቤት ቃለ መሐላ ፈጽሞ ሲጠየቅ ቁጥሩ በአማካይ 1,464 ሆነ። ሪፉ ራሱ በ2017 በወጣ የዴሎይት ጥናት 64,000 ሥራዎችን ይደግፋል። ክለርሞንት ላይ ቁጭ ብሎ ይህን ሒሳብ ከነዋሪው ጋር የሚሠራ ሰው ቢገኝ ኖሮ እላለሁ። የምድሩ ባለቤቶች የዋንጋንና ጃጋሊንጉ ሕዝቦች ነገር ከዚህም የከፋ ነው፤ ማዕድኑን ሲቃወም የኖረው ኤድሪያን በራጉባ በሽንፈቱ የፍርድ ቤት ወጪ ምክንያት በዚያው ዓመት ለኪሳራ ተዳረገ። ማዕድኑ በ2021 መጨረሻ የመጀመሪያ ከሰሉን ለመርከብ አዘጋጀ።

የሐበሻ ወዳጆቼ በዚህ ላይ የሚያነሱብኝ ጥያቄ አለ። ድሃ አገር መብራት አያግኝ ነው የምትይው? በኩራዝ ያጠናሁ ሰው ስለሆንኩ ጥያቄው ያመኛል። በ2014 ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦት «ከሰል ለሰው ልጅ መልካም ነው» ሲሉ በእኛ ኩራዝ ስም የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። አዳኒ በሕንድ ጎዳ ላይ የሠራውን ጣቢያ ግን ተመልከቱ፤ ከባሕር ማዶ በሚመጣ ከሰል እየነደደ ኤሌክትሪኩን ድንበር አሻግሮ ለባንግላዴሽ የሚሸጥ ነው፤ ጣቢያው ያለበት የጃርካንድ ገበሬ በጭሱ ሥር ይኖራል። ኢትዮጵያም ብትሆን የሲሚንቶ ፋብሪካዎቿ ምድጃ የሚነደው በድንጋይ ከሰል ነው፣ መንግሥትም ምንዛሪ ለማዳን ከአገር ውስጥ እንዲወጣ ይገፋል። ሌላ ምድጃ የሌለውን አልፈርድበትም። አውስትራሊያ ግን ፀሐይ የተረፋት፣ ገንዘብ የተረፋት፣ ከዓለም ታላላቅ የከሰል ላኪዎች አንዷ ናት። የእኔ ጠብ ከእሷ ጋር ነው።

ዓረፍተ ነገሩ በኩዊንስላንድ ሕግ ፊት የተሸነፈው በኖቬምበር 2022 ነው። በዚያው በጋሊሊ ተፋሰስ የባለሀብቱ የክላይቭ ፓልመር ዋራታ ኩባንያ ሌላ ማዕድን ሊከፍት ጠየቀ፤ ዩዝ ቨርዲክት የሚባሉ ወጣቶች በሰብዓዊ መብት ሕግ ተቃወሙ። የኩዊንስላንድ የመሬት ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ፍለር ኪንግሃም ችሎቱን ይዘው ወደ ቶረስ ባሕር ደሴቶች፣ ወደ ኤሩብና ፖሩማ፣ ሄደው ባሕሩ ደጃፋቸው የደረሰባቸውን ሽማግሌዎች በቦታቸው ሰሙ። ኩባንያውም እንደተለመደው የእኔ ከሰል የሌላውን ይተካል እንጂ አይጨምርም አለ። ኪንግሃም አልተቀበሉትም። ይህ ፈቃድ ካልተሰጠ ይህ ከሰል አይወጣም፤ ሲነድ የሚወጣው 1.58 ቢሊዮን ቶንም ከዚህ ፈቃድ ይመነጫል። እንዲከለከል አሳሰቡ፣ በ2023ም ተከለከለ። ውሳኔውን ሳነብ ነው ለወዳጄ የምሰጠው መልስ የተገለጠልኝ። ሹፌሩ የሚተካ ሰው ነው። ሚኒስትሩ ግን በዚያ ከሰል ላይ የሚተካው የለም፤ በዚያ መሬት ላይ መፈረም የሚችል ሌላ እጅ የለም። «ሌላው ይሸጠዋል» ሲል የሚጠራው ሌላ መንግሥት የራሱ መሬትና የራሱ ፊርማ ያለው፣ የራሱን ጥያቄ የሚመልስ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። በፌብሩዋሪ 2023 የያኔዋ የፌዴራል የአካባቢ ሚኒስትር ታንያ ፕሊበርሴክ የፓልመርን ሌላ ማዕድን ከለከሉ፤ ከሪፉ ጠረፍ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቅ ነበር። በብሔራዊው የአካባቢ ሕግ የከሰል ማዕድን ሲከለከል የመጀመሪያው ነው። ለሕዝብ አስተያየት በተከፈቱት ቀናት ከ9,000 በላይ ሰው ጽፏል፣ እኔም አንዷ ነኝ። የተከለከለበት ምክንያት ግን ወደ ሪፉ የሚፈስሰው ደለልና የሚበከለው ውሃ ነው። ጭቃ! ሙቀቱ አልተቆጠረም። እኚሁ ሚኒስትር በ2024 በሴፕቴምበር ሦስት፣ በዲሴምበር አራት የማዕድን ማስፋፊያዎችን ፈቀዱ። በዚያው ዓመት ሜይ ወር የፌዴራል ይግባኝ ችሎት ሚኒስትሯ የከሰል ጭስን በሪፉ ላይ እንዲያስቡ የሚያስገድድ ሕግ የለም የሚለውን ውሳኔ አጽንቷል። ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በጁላይ 2025 የነዳጅና የከሰል ፈቃድ መስጠት ራሱ አገርን ሊያስጠይቅ እንደሚችል ምክረ ሐሳብ ሰጥቷል፤ ካንቤራ ያለው ሕግ ግን እስካሁን ጭቃውን ነው የሚያየው።

ወዳጄ የሚሠራበት ማዕድን ከተፈቀዱት አንዱ ይሁን አይሁን እዚህ አልናገርም። በዲሴምበሩ ሳምንት ግን ደውሎልኝ ነበር። ኮንትራቱ ታድሷል፣ የትንሹ ወንድሙ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ችግር አይሆንም፣ ለገና አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት፣ ከልቤ ነው ያልኩት። ከዚያ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለሚኒስትሯ ቢሮ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው አልኩት።

«በእኔ ማዕድን ላይ?»

«በፊርማዋ ላይ።»

ትንሽ ዝም አለና፣ «ስለ ሙቀቱ አሳምረሽ ጻፊ፤ እዚህ ጉድጓዱ ውስጥ አርባ ሦስት ዲግሪ ገብቷል» አለኝ። ያን መስመር ጨምሬ ላክሁት።